የወርቁ መንጠቆ

ባለፈው ሳምንት ሶዶ፣ ኦቶና አካባቢ ባለው በአባቴ ቤት የድሮ ሰርተፍኬቴን ስፈልግ፣ እርጥበትና የቆየ ቅቤ ከሚሸት ካርቶን ውስጥ አንድ የፊዚክስ ደብተር ወጣ። የመጨረሻው ገጽ በታላቅ ወንድሜ በመብራቱ ጽሑፍ «ተያዘ» እና «አመለጠ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ በጭረት ተሞልቷል። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ።

ያን ጊዜ መብራቱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመድቧል፤ እኔ ስምንተኛ ነኝ። ያለችን እናታችን የለቀቀችልን አንዲት ስልክ ነበረች፤ መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ። ከእሱ ጋር ትሂድ ወይስ ከእኔ ጋር ትቅር? አባታችን ጭቅጭቃችን ሲያንገሸግሸው ራሳችሁ ጨርሱት ብሎ ተወን። እኛም ፍርዱን ለዓሣ ማጥመጃው ጌም ሰጠነው። ጌሙ ደረጃ ባለፍን ቁጥር አንዴ ብቻ የሚያገለግል የወርቅ መንጠቆ ይሸልመናል፤ መብራቱ ይህ መንጠቆ ዓሣ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል ባይ ነው፣ እኔ ደግሞ ከማብለጭለጭ በቀር ምንም አይሠራም ባይ። እንሞክረው፣ የተረታ ስልኳን ይልቀቅ ተባባልን።

መብራቱ ሃያ ጊዜ በወርቁ፣ ሃያ ጊዜ በተራው መንጠቆ ጣለ። ወርቁ አሥራ አራት ያዘ፣ ተራው ስምንት። መብራቱ በደስታ ሲዘል እኔ ግን አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር፦ ወርቁን በጣለ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በቤታችን ሳይጸለይ የሚጀመር ነገር የለም፤ ምግቡም፣ መንገዱም፣ አዲስ ጫማም ሳይቀር። ለተራው መንጠቆ ግን አንዴም አልጸለየም! ለምን ስለው፣ ተራው ሞልቷል፣ ወርቁ ግን ካለቀ አለቀ አለኝ፣ ሳያፍር።

እያለቀስኩ አባታችን ዘንድ ከሰስኩት። አባታችን የፊዚክስ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። ዳጣ የነካውን ጎደሬ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ፊዚክሱ መንጠቆውንና ጸሎቱን ለይታችሁ ሞክሩ ይለኛል» አለ። «ሽማግሌነቱ ደግሞ እግዚአብሔር አይፈተንም ይለኛል። በቃ፣ ለሁለቱም እኩል ጸልዩ።»

«ውሃ የሚቀዳልኝ እንዲገኝም ጸልዩልኝ!» አለች እናታችን ከጓሮ።

የቀሩት የወርቅ መንጠቆዎች አሥር ነበሩ። ለወርቁ እሱ ጸለየ፣ ለተራው እኔ። አሥር አሥር ጊዜ ጣልን፤ ወርቁ ስድስት ያዘ፣ ተራው ሰባት። መብራቱ ደብተሩን ወርውሮ፣ የእኔ ጸሎት ስለረዘመ ሙከራው ፈርሷል ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፣ ረዝሟል። ያላወቀው ነገር፣ ዓይኔን ስጨፍን ስለ ዓሣው አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ መብራቱ እንዳይሄድ ነበር የምለምነው። ያልለመንኩት ዓሣ ተያዘልኝ፣ የለመንኩት ግን ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። በመስኮት ስልኳን ሲያቀብለኝ እንኳ «የተሸነፍኩት በጸሎት ርዝመት ነው» እያለ ነበር።

መብራቱ እዚያው ሥራ ይዞ፣ አግብቶ ቀረ። ደብተሩን ፎቶ አንስቼ ስልክለት «ይደገም!» ብሎ መለሰልኝ፣ ግን ጌሙ ከጠፋ ቆይቷል። የወርቁ መንጠቆ ይሥራ አይሥራ እስካሁን አላወቅንም።

ዛሬ ሁለት ስልክ አለኝ። የሚቀማኝ የለም።