መብራት ሲሄድ የማይረሳው ዲስክ

የአዲስ ዓለም ሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ጃቢር፣ ልጃቸው ፈህሚያ ፊዚክስ ለማስተርስ ስትማር ደስ ብሏቸው ነበር። በ2009 ዓ.ም. የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ሲሰሙ ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

"በብርሃን የሚያስታውስ ኮምፒውተር? አንቺ ልጅ፣ መብራቱ መቼ በቅጡ ኖሮ ነው!"

ስቀው ሲጨርሱ ቁርጡን ነገሯት። መምህራኑ ርዕሱን ካልተቀበሉ ትምህርቱ ይበቃታል፣ ሱቅ ትገባለች። ፈህሚያ ሱቁን አትጠላውም። ዕድሜ ልኳን ጨርቅ ስትለካ መኖርን ግን አትፈልግም።

"አባ፣ የዛሬው ኮምፒውተር እንደ ሰው ሊማር ሲሞክር፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ መጋዘን ድረስ እንደሚሮጥ ሻጭ ነው" አለቻቸው። "የብርሃን ማስታወሻ ቢኖረው ማሰቢያውና ማስታወሻው አንድ ቦታ ይሆናሉ፤ ዕቃው ከእጁ ሥር ነው፣ ይፈጥናል።"

"እሱስ ሸጋ ነው" አሉ። ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

ርዕሷን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። መምህራኑ ፊት ቆማ አፏን ልትከፍት ስትል መብራት እልም! ፕሮጀክተሩም ኮምፒውተሩም ድርግም አሉ። ገና አሁን አስተካክላ ሴቭ ያላደረገችውም አብሮ ጠፋ። ወይ ጣጣ!

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ይበልጣል ሰዓታቸውን አዩ። "ሌላ ርዕስ ብትመርጪስ? ይሄ በእኛ ላብራቶሪ የሚሞከር አይመስለኝም።"

ሐጂ ጃቢር ጨርቅ ሲገዙ ደጃፍ አውጥተው ፀሐይ ላይ ሳይዘረጉት ዋጋ አይጠሩም። ፈህሚያ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ከቦርሳዋ እየተጻፈበት እየተሰረዘ ደግሞ የሚጻፍበት፣ እስከ ግማሹ ብቻ የተጻፈ የሲዲ ዲስክ አወጣችና ወደ በሩ ሄደች።

"እባካችሁ፣ ወደ ብርሃን ኑልኝ!"

የከሰዓቱ ፀሐይ ወደ ቁስቋም ኮረብታ አዘንብሏል። ዲስኩን ዘንበል ስታደርገው ግማሹ ጠቆር፣ ግማሹ ፈካ ብሎ ታየ።

"ይሄ ጠቆር ያለው ሌዘር የነካው ነው። ኮምፒውተሩ መብራት ሲሄድበት የያዘውን ረሳ፣ ይሄ አልረሳም። የብርሃን ማስታወሻም የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት ቁስ ነው። በዚሁ ዲስክ እንጀምር።"

ዶክተር ይበልጣል ዲስኩን ተቀብለው አገላበጡት።

"ምነው ይሄን መጀመሪያ ብታሳዪን? ሌዘርማ አለን። በይ ጀምሪ" ብለው ዲስኩን ሰጧት።

ፈህሚያ ሱቅ ድረስ በሩጫ ደረሰች። ሐጂ ጃቢር ነገሩን ከፊቷ አነበቡት። ዲስኩን ከእጇ ወስደው ደጃፍ ወጡና ፀሐይ ላይ አዘንብለው አዩት።

"ቀለሙ አይለቅም?"

"ወላሂ አይለቅም፣ አባ።"

"እንግዲያ ሱቁን ለእኔ ተይልኝ" አሉና ዲስኩን መለሱላት።