ከባጃጅ ሳልወርድ የሞላሁት ቅጽ

ቦንጋ ስመደብ የደረቅ አገር ልጅ ነበርኩ፤ ጫካ የማውቀው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው። የተሰጠኝ ሥራ በሳተላይት ምስል ላይ የከተማዋን መሬት እየለዩ ቀለም መቀባት ነበር፤ ቤቱን ግራጫ፣ እርሻውን ቢጫ፣ ደኑን አረንጓዴ። ከዚያ የተመረጡ ቦታዎች ድረስ በእግር ሄዶ ኮምፒውተሩ ያለው እውነት መሆኑን ማየትና ቅጽ መሙላት ይቀራል።

ዝናብ ነበር፤ ቦንጋ መቼ አባርቶ ያውቃል? ጫማዬ ደግሞ አዲስ ነው። ከከተማው ዳር ያለው ቦታ ከመንገዱ ቁልቁል ያስወርዳል። ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጥኩ የላስቲክ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነገር። «ደን፤ በአካል ተረጋግጧል» ብዬ ፈረምኩ። የቀሩትንም እንዲሁ ሞላሁ።

ከወራት በኋላ አንዲት አሮጊት ቢሮ መጡ። የከተማው ወሰን ሲሰፋ ቤታቸውን ስለጠቀለለው የይዞታ ማረጋገጫ ፈልገዋል። ካርታው ላይ ብፈልገው ያው የፈረምኩበት ቦታ ሆኖ ተገኘ። ለካ ከዛፎቹ ሥር የሣር ቤት፣ እንሰት፣ ቡናና የንብ ቀፎ ነበር። ካርታው ላይ ግን አረንጓዴ ነው፤ ደን ደግሞ የመንግሥት ነው፣ ለግለሰብ አይሰጥም።

ማረም የደቂቃ ሥራ ነበር። ግን አንዱን ካረምኩ «ሌሎቹስ?» መባሌ አይቀርም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣

«እማማ፣ ሳተላይቱ ቤትዎን አላየውም» አልኳቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰማይ ላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሣ ነው። ዛፉ ጋርዶታል።»

«ስድስት ልጅ የወለድኩበት ቤት ነው። ጎረቤት አይጠየቅም?»

«ሰው ይዋሻል፤ ሳተላይት አይዋሽም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከባጃጅ ሳልወርድ የፈረምኩት።

ጥቂት አሰቡና «ዛፉ ባይኖርስ?» አሉኝ።

«ያይዎት ነበራ!» ብዬ ሳቅሁ። እንደወጡ ለባልደረባዬ «ላም አለኝ በሰማይ» ብዬ ተረትኩባቸው፤ እሱም ሳቀ።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው መጡ። «አስቆረጥኩት ልጄ። አሁን ይየኝ» አሉ። ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው፤ ተናደድኩ። እኔ በሰጠኋቸው ምክር እሳቸውን ሞኝ ብዬ ተናደድኩ። አዲስ ምስል እስኪመጣ ይጠብቁ ብዬ ሸኘኋቸው። በየገበያው ቀን ብቅ እያሉ «መጣ?» ይሉኝ ነበር።

በዓመቱ መጣ። ምስሉን ተከትሎ ደግሞ ትእዛዝ መጣ፤ የድሮውንና የአሁኑን አስተያይታችሁ አረንጓዴው የጠፋበትን ቀይ ቀቡ፣ ደን ያወደሙትን ለሕግ አቅርቡ የሚል። ቀዩን የቀባሁት በገዛ እጄ ነው። የክፍሉ ኃላፊ በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሄ የማን ሥራ ነው?» አለኝ። «ደን አልነበረም፣ ጓሮ ነው፤ እኔ ነኝ ሳልወርድ የጻፍኩት» ብል እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። የሴትዮዋን ስም ነገርኩት።

መጥሪያውን እንዳደርስ እኔኑ ላከኝ። ያን ቁልቁለት ለመጀመሪያ ጊዜ ወረድኩ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ጥላ ያጣው ቡና ቅጠሉ በፀሐይ ተጠብሷል። ቀፎዎቹ ባዶ ናቸው። አሮጊቷ የጠረጉት ግቢ መሀል፣ ጉቶ ላይ ተቀምጠዋል።

«አየኝ?» አሉ ገና ከሩቅ።

«አየዎት፣ እማማ።»

ጉንጬን ስመው መረቁኝ። ንቦቹ ከመሄዳቸው በፊት የቆረጡትን የመጨረሻውን ማር በጣሳ አቀረቡልኝ። በላሁ፤ ጣቴንም ላስኩ። መጥሪያውን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ማህተሙን አይተው ወረቀቱን ሳሙት።

«ምን ይላል?»

«ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ይምጡ ነው የሚለው።»

ይህ ውሸት አልነበረም። ለሐሙስ ግን ሌላ ወረዳ የመስክ ሥራ አለብኝ ብዬ አስፈቀድኩ። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በቢሮው ደጃፍ ሲያልፍ አሮጊቷ የበዓል ነጠላቸውን ለብሰው፣ መጥሪያውን በላስቲክ ጠቅልለው በሩ ላይ ቆመዋል። አንገቴን ብደፋም አዩኝ፤ ሁለት እጃቸውን አንሥተው መረቁኝ።