ሆን ተብሎ የዶለዶመ መሮ

እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰችው ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ቦንጋ ከአባባና ከእማማ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። ከአገር ቤት ሲደወል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ለቅሶ ነውና «ማን ሞተ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም። አባባ ድሪል ይዟል።»

«ምን ይዟል?»

«የባለቤቴን ድሪል! ከእጁ ማስለቀቅ አቃተን። እመቤታችንን ግድግዳው ላይ በቪቴ ቸንክሯታል።»

አማተብኩ። ለማያውቀን ሰው ይህ ወሬ አይደለም። አባባን ለሚያውቅ ግን ጳጳስ ሠርግ ቤት ሲጨፍሩ ተገኙ እንደማለት ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

አባባ አናጢ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በመሮ፣ በመላጊያና በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ የኖረ፣ ምስማር እንኳ እያፈረ የሚመታ ሰው። የእህቴ ባል ደግሞ ለገበያው ሱቆች መደርደሪያ ይገጥማል። ያችን በባትሪ የምትሠራ ድሪሉን ይዞ በገባ ቁጥር አባባ «የጥርስ ሐኪሙ መጣ!» ይለዋል። «እንጨቱን መጀመሪያ ማደንዘዣ ውጋልኝ፣ እንዳያመው!»

ባልየው ለለቅሶ ወደ ዋጫ ከተማ ሲሄድ ድሪሉን ቤት ተወው። አባባ «እስቲ እንዴት እንደሚጮህ ልስማው» ብሎ አነሳው፤ አለቀ። የዶሮውን ቤት በቪቴ፣ በዚያ እየዞረ በሚገባው ጥርሳም ምስማር፣ አጥለቀለቀው። የእማማን ሣጥን ክዳን አጠብቃለሁ ብሎ ጨርሶ እንዳይከፈት አድርጎ ዘጋው፤ የክት ቀሚሷ እስካሁን እዚያው እስር ላይ ነው። ቀጥሎ ወደ ሥዕሏ ዞረ። «ነፋስ በመጣ ቁጥር እየወደቀች ስታስደነግጠን ኖራለች፤ ከእንግዲህ የትም አትሄድም» አለ። እማማ ደግሞ «ነገ እኔንም ከአልጋው ጋር ያጣብቀኛል» እያለች ትዞራለች አሉ።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሆኜ እንዲያ መሳቄ ሳያንስ፣ አንዲት እናት ነፍሴን የያዘው ነገር ያለ መስሏት ጠበል ልትረጨኝ ነበር። ሳቄን ያቆመው እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያለችው ነገር ነው።

«ቅዳሜ እሳቸው ይመጣሉ እኮ።»

እሳቸው የአባባን መሣሪያዎች በሙሉ የሠሩት ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ድሮ በእኛ አገር ቀጥቃጭ ቤት አይገባም ነበር። ደጅ ተቀምጦ፣ ምግቡ በቅጠል ይሰጠዋል። ዓይኑ ይበላል ይባላል። እሳቸው ሲመጡ አንዲት ጎረቤታችን ፀጉሬ ውስጥ ጤና አዳም ትሸጉጥልኝ ነበር፤ የራሷን ቢላዋ ግን እሳቸው ካልሳሉላት ሽንኩርት አትከትፍም። አባባ ይህን ነገር ገና በጎልማሳነቱ «በሱ መሮ ቤት ሠርቼ እሱን ደጅ ላስቀምጥ?» ብሎ ገለበጠው። አስገባቸው፤ ከራሱ ትሪ አብረው በሉ።

ሽማግሌው ግን ኩሩ ናቸው። «ልያችሁ ብዬ መጣሁ» ብለው አያውቁም። በየቅዳሜው ከሺሺንዳ መንገድ ይወርዳሉ፤ ግቢያችን ውስጥ እሳት አንድደው የዶለዶመውን ይስላሉ፤ ከዚያ ምሳ ይቀርባል። ሥራ ከሌለ ምሳ የለም፤ ሕጉ የራሳቸው ነው። አሁን ደግሞ አባባ በድሪል ሲቀብጥ መሮዎቹ እንጨት ሳይነኩ ሰነበቱ። ያልዶለዶመ መሮ አይሳልም። የሚሳል ከሌለ ወዳጁ በምን ሰበብ ይገባል?

አባባ ይህን ከሁላችን ቀድሞ ገብቶታል። ዓርብ ዕለት እህቴ ከጓሮ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምታ ብትሄድ፣ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጦ የመሮውን ስለት ድንጋዩ ላይ ይመታል።

«አባባ፣ ምን ነካህ?»

«ዝም በይ። እያሠራሁት ነው።»

ቅዳሜ ሽማግሌው መጡ። መሮውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ምን እንጨት ሠሩበት?»

«ዋንዛ ነው» አለ አባባ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ።

«ዘንድሮ ዋንዛው ድንጋይ ያፈራል እንዴ?»

ሽማግሌው ዞር ቢሉ የዶሮው ቤት ከላይ እስከ ታች በቪቴ ያብለጨልጫል። «ለዶሮዎቹም ጌጥ ገዝተውላቸዋል» አሉ። ከዚያ ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ለማኝ አይደለሁም፣ ጋሼ።»

ቆጮው እንደቀረበ ሳይቀምሱት ሄዱ። አባባም አልበላ። ድሪሉን ከነሣጥኑ መልሶ እህቴ በር ላይ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያልተበላሸውን የግቢውን በር «ሲጠግን» ዋለ፤ እግረ መንገዱን ዓይኑ መንገዱ ላይ። ሽማግሌው አልመጡም። እኔም እዚህ ሆኜ ስለት ተሳልኩ፤ ለቅዱሳን አንድ መሮ አደራ ማለት ነውር ይሁን አይሁን እንጃ።

ከዚያ ወዲያ ባለው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ሁለት የበር ማጠፊያ በጨርቅ ጠቅልለው ቆመዋል።

«በር ልገጥም ነበር፤ ማጠፊያው ቀዳዳ የለውም። ያ የሚጮኸው ዕቃዎ ይበሳል ይላሉ።»

እማማ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። እኚህ ሰው ከልጅነታቸው ጀምሮ ብረት በእሳት አግለው ሲበሱ የኖሩ ናቸው! አባባ ግን ፊቱን እንደ ዳኛ አኮሳትሮ ማጠፊያውን አገላበጠ።

«ከባድ ሥራ ነው» አለ። «ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው ምሳ ይቅረብ።»

ከምሳ በኋላ ድሪሉ ከእህቴ ቤት መጣ። አባባ የእንጨቱን ፑንታ፣ የድሪሉን መብሻ ጫፍ ማለቴ ነው፣ ብረቱ ላይ ለቀቀው። ጮኸ፣ ጨሰ፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፤ ብረቱ ግን ጭረት እንጂ ቀዳዳ አልወጣውም። ሽማግሌው ፑንታውን አስወጥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ዶልዱሟል» አሉ። «ይምጣ እስቲ፣ ልሳለው።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አባባ ፑንታ ያዶለዱማል፤ እሳቸው ይስላሉ፤ ምሳ ይበላል። ማጠፊያው እንዳለ ነው።

እኔ ውሸት አልወድም። ሆኖም የንስሐ አባቴን ስለዚህ ነገር አልጠየቅኳቸውም፤ የሚሉትን ስለማውቅ። ግቢው ውስጥ ለነበራችሁት ግን ልመና አለኝ። እህቴ፣ ባልሽ «የብረት ፑንታ እኔ ጋ አለ» እንዳይል አፉን ያዢልኝ። እማማ፣ «ምሳችሁን ዝም ብላችሁ ብሉ» እንዳትያቸው። በአጥር ስታጮልቁ የነበራችሁ ጎረቤቶችም፣ ቀዳዳ ያለው ማጠፊያ ገዝታችሁ እንዳታመጡላቸው፤ በእመቤታችን ይዣችኋለሁ፣ እሷም እንደሆነች ተቸንክራ እያየቻችሁ ነው። ያ ማጠፊያ እንዳይበሳ።