ባዶም ጆንያ ይመለሳል

ጻፊው እንግዲህ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማወራው፣ አትቸኩዪብኝ።

ትናንት ሥራሽ ምንድነው ብዬ ስጠይቅሽ፣ «እማምዬ፣ ሌሎች ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች አንስተው የሚጠቀሙበትን ቁራጭ ነው የምሠራው» አልሽኝ። አጎትሽም በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ነፋስ ስልክ፣ ይሄንኑ ነበር የሚለኝ። አንቺ አልደረስሽበትም።

እኔ ያኔ ቡና ለቃሚ ነበርኩ። መጋዘን ውስጥ ሴቶቹ በተርታ ቁጭ ብለን ጠጠሩንና ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እንለያለን። መጋዘኑ ደንብ ነበረው። የለቀምሽውን ይዘሽ ስትመጪ ካቦው፣ አለቃችን፣ በሩ ላይ ጆንያሽን ፈቶ ያየዋል፤ ጠጠር ካገኘ እዛው ይመልስሻል። ክምሩ ላይ ከተገለበጠ በኋላማ የማን ጠጠር እንደሆነ ማን ያውቃል? ሁላችንም ነን የምንሰደበው። ደግሞ አሟት ምንም ሳትለቅም የዋለች ሴት ብትኖር፣ ባዶውን ጆንያ ታስረክባለች። ጆንያው ካልመጣ ካቦው «የት ገባች? ይዛው ጠፋች?» እያለ ሁላችንንም ያቆመናል። ባዶም ቢሆን ከመጣ ነገሩ አለቀ፣ ወደየቤታችን።

ልጄ፣ አጎትሽ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ አንድ መሥሪያ ቤት ገባ። ቁም ሳጥን የሚያክል ኮምፒውተር ነበራቸው፤ እንዳይሞቀው ብለው ክፍሉን ያቀዘቅዙታል። ሰኔ ላይ ሹራብ ለብሶ ሲወጣ ምክንያቱ ዝናቡ አልነበረም። እሱ የሚሠራው ሌሎቹ ሁሉ የሚጋሩትን ነው። ላይብረሪ ይሉታል፤ መጽሐፍ ግን የለበትም። አንዱ ቁራጭ የተበተነውን ይሰበስባል፣ አንዱ በተራ ይደረድራል፣ አንዱ ከውስጡ ፈልጎ ያወጣል። ችግሩ ሰዎቹ ያገኙትን ይሰጡታል። ቁጥር ሲጠይቅ ስም ይሰጡታል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ምንም አይሰጡትም። ማሽኑ መሀል ላይ ይደርስና ቀጥ! ከዛ ሲካሰሱ ይውላሉ።

እራት ላይ ይሄን ሲነግረኝ፣ «እናንተ ካቦ የላችሁም?» አልኩት።

«የምን ካቦ?»

«በሩ ላይ ፈቶ የሚያይ ነዋ!»

ሳቀ። «እሱን እኮ ነው የምጨቃጨቀው፣ እማዬ። የሚሰጡኝን ሁሉ መጀመሪያ ላይ አየዋለሁ፤ ካልሆነ ይሄ ነው ጥፋቱ ብዬ እመልሳለሁ። እነሱ ግን ማሽኑን ታዘገየዋለህ ይሉኛል። ስም አውጥተውልኛል፣ ዘበኛው ነው የሚሉኝ።»

«ዘበኛ እንኳ ካፖርት ይሰጠዋል፣ አንተ ምን ተሰጠህ?» አለችው እናትሽ። ያኔ ትንሽ ናት፤ ምላሷ ግን እንዳሁኑ ነው።

ሌላም ነገር ነበረው። የሰው ጆንያ ውስጥ እጄን አላስገባም ይል ነበር። «ግልባጩን ወስጄ በራሴ ጆንያ ነው የምሠራው። ባለቤቱ ሲመጣ የራሱን እንደነበረ ያገኘዋል።» ከሁሉ ድርቅ የሚልበት ግን፣ ፈልጎ ያጣ እንደሆነ ምን ይመልሳል የሚለው ላይ ነው። ሌሎቹ ምንም አንመልስም ባዮች ናቸው። እሱ ባዶ ጆንያ መመለስ አለበት አለ። «ባዶና ምንም አንድ አይደለም፣ እማዬ። ባዶ መልስ ነው። ምንም ከሆነ ግን የጠየቀው ሰው ቆሞ ይቀራል።»

ቆሞ ይቀራል አለኝ። ይሄው እኔ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ብስራተ ገብርኤል ጋ አፈሳ ገጠመው። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አውጥቶ አሳይቷቸዋል አለችኝ ያየችው ጎረቤቴ። ማን ያይለታል! ጭነውት ሄዱ። ማሠልጠኛ ገባ ተባለ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ዘመተ ተባለ። ከዛ በኋላ የተባለ ነገር የለም።

ቀበሌ ሄድኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄ የት ደረሰ?»

«እናት፣ ከላይ የመጣ ነገር የለም።»

«ሞቷል?»

«እሱን አላልኩም።»

«እንግዲያው አለ በለኛ!»

«እሱንም አላልኩም። ሌላ ቀን ተመለሺ።»

ስንቴ እንደተመለስኩ አልነግርሽም። በኋላማ የበሩ ጥበቃ፣ «እማማ፣ ዛሬም መጡ? አልጋ እናስገባልዎት?» ይለኝ ጀመር። ክፋት አልነበረውም፤ ሊያስቀኝ ነው።

የእድራችን ዳኛ ጋ ሄድኩ። ድንኳን ትከሉልኝና ላልቅስ፣ ይውጣልኝ አልኩት። አንገቱን ደፋ። «እህቴ፣ መርዶ ሳይነገር እንዴት ብለን? ለቅሶ ተቀምጠን ልጁ ከተፍ ቢል ምን እንባላለን?» ልክ ነው፣ ምን ይበል። ጥቁር ለበስኩ። ጎረቤቶቼ «በቁሙ ልትገድዪው ነው?» ብለው አስወለቁኝ። አውልቄ ሰርግ ብሄድ ደግሞ፣ «አይ ይቺ፣ ልጇን ረሳችው» አሉኝ።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሰዎቹ ተሰብስበው ይመጡና በርሽን ያንኳኳሉ። እኔ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ ከበሩ ጀርባ እቆማለሁ። ሌላዋ እናት፣ አምላኬ አሳልፋቸው ትላለች። እኔ በሬ ላይ ቁሙልኝ እል ነበር። አንኳኩና ንገሩኝ። ያልፋሉ።

ደርግ ወደቀ። ወታደሩ እየለመነ፣ በባዶ እግሩ ከተማ ገባ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ፊታቸውን አያለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀይ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ስላቸው፣ አንዱ «እናቴ፣ እኛ እኮ ብዙ ነበርን» ብሎኝ አለፈ። ቀበሌ ብሄድ ሊቀመንበሩ የለም፣ ጥበቃውም የለም። ነገ ተመለሺ የሚለኝ ሰው እንኳ አጣሁ።

ትናንት አንቺን፣ «ፈልገሽ ስታጪ ምን ትመልሻለሽ?» አልኩሽ። «ባዶ ነዋ፣ እማምዬ፣ ሌላ ምን አለ?» አልሽኝ፣ ተራ ነገር አድርገሽ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም፤ ለዛ ነው ተነስቼ የወጣሁት።

ባለፈው የአሁኑን የእድር ዳኛ ጠየቅኩት። እኔ ስሞት ድንኳን ትተክላላችሁ፣ በዛው ልጄንም አልቅሱልኝ አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ እጄን ይዞ፣ «እማማ፣ የእርሳቸው ስላልታወቀ እኮ ነው» አለኝ። አሁንም ስላልታወቀ!

እና አንቺ፣ ድንኳኑ ሲተከል የኔን ስም ከመጥራትሽ በፊት የሱን ጥሪ። ጮክ ብለሽ ጥሪ። ማንንም አታስፈቅጂ። ዳኛው ምነው ካለሽ፣ ቆማ ቀርታ ነበር በይው።