ከመጋረጃ የተሰፋው ካፖርት

የቴአትር ቤቱን ልብስ ሰፊ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም «መርፌ» ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ተቀምጣ ስንቱን ንጉሥ፣ ስንቱን ዳኛ ለክታለች። ንጉሥ ሆኖ ሊተውን የሚመጣውን ሁሉ በካልሲው ቀዳዳ ታውቀዋለች። ሰው አታከብርም ይሏታል። ውሸት ነው፤ የሚከበር ሰው አጥታ ነው እንጂ።

ፈረንሳይ ሁለት ዓመት ተምሮ የተመለሰው አዘጋጅ በጠራራ ፀሐይ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ እዚያው የተረጎመውን ተውኔት ይዞ መጣ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የአገሩ ገዢ ይሞታል። ሹማምንቱ ሞቱን ደብቀው ካፖርቱን ለበር ጠባቂ ያለብሳሉ፤ ሕዝቡም ለካፖርቱ ይሰግዳል። በመጨረሻ በር ጠባቂውም ይሄዳል፣ ካፖርቱ ብቻውን ወንበር ላይ ይቀራል። ስግደቱ ግን አይቆምም።

«ሥልጣን ቅዠት ነው! ሥልጣን ጨርቅ ነው!» አለ አዘጋጁ ተዋንያኑን ሰብስቦ። «ይሄን ተውኔት የሚሠራ ሰው ፍርሃት አያውቅም!»

መርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ይቺን ለማወቅ ነው ባሕር የተሻገረው?» አለች። አጠገቧ የነበሩት አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ለካፖርቱ የሚሆን ጨርቅ ስለጠፋ፣ ብል የበላውን የድሮ መጋረጃ ከመጋዘን አስወጥታ ደህና ደህናውን ቆረጠች። ኒሻኖቹን ከለስላሳ ቆርኪ ቀጥቅጣ ወርቃማ ቀለም ቀባቻቸው። ሰፍታ ስትጨርስ ራሷም ደነገጠች፤ ካፖርቱ ያስፈራ ነበር።

የሚለብሰው የታናሽ እህቷ ባል ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ጌታዬ፣ ደብዳቤ መጥቷል» ከማለት ሌላ ቃል ያልተሰጠው ተዋናይ ነበር። እሷን «እትዬ» እያለ፣ ስትገባ ብድግ ብሎ ነው የሚቀበላት። ካፖርቱን በለበሰ በሦስተኛው ቀን ግን አገጩን ቀና አድርጎ «አንቺ! እዚህ ጋ ጠበብ አድርጊው» አላት። እሷም አንድ ስፒል ትከሻው ላይ ጠቅ አደረገችለት። ገዢው እንደ ሕፃን ጮኸ።

በሳምንቱ እህቷ እያለቀሰች መጣች። «እቤት ስገባ ለምን አትነሱም ብሎ ልጆቹን አሰለፈብኝ! አንቺ ነሽ ባሌን ያበላሸሽብኝ!»

«እኔ የሰፋሁት ትከሻውን ነው፤ ጭንቅላቱ ድሮም ክፍት ነበር» አለች መርፌ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ተውኔቱ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት የባህል ቢሮው ኃላፊ ሊገመግሙት ከነሹማምንታቸው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተደረደሩ። መለከት ተነፋ፣ ካፖርቱ ገባ። ያኔ ምክትላቸው ብድግ አለ። እሱን አይተው የቀሩት ተነሡ። በመጨረሻም ኃላፊው ራሳቸው የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ቆሙ። ለማን እንደቆሙ የገባቸው ቆይቶ ነው። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች። ማን እንደሆነች ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም።

በማግስቱ ጠዋት አዘጋጁና መርፌ ቢሮ ተጠሩ። ኃላፊው ፊታቸው ከሰል መስሏል። «ይህ ካፖርት ማንን ለመምሰል ነው የተሰፋው?»

ያ ፍርሃት የማያውቀው አዘጋጅ ሻርፑን አውልቆ ኪሱ ከቷል። «ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱ የልብስ ክፍሉ ነው። እኔ ቀለል ያለ ነገር ነበር ያዘዝኩት» አለ፣ ወለሉን እያየ።

መርፌ አየችው። ከዚያ ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ገለበጠችው። «ክቡርነትዎ፣ ይሄ የድሮው መጋረጃ ነው፤ ብሉ ይኸውና። ይሄ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ማንንም አይመስልም። እናንተ ተነሣችሁለት እንጂ እሱማ ተነሡ አላለም።»

ኃላፊው ካፖርቱን ወደ ጎን ገፉት። ተውኔቱን መከልከል መነሣታቸውን ማመን ስለሚሆንባቸው «ተውኔቱ ያለ ካፖርቱ ይቅረብ» ተባለ። ገዢውም በነጭ ሸሚዝ ወጣ። ተመልካቹ ገዢው የቱ፣ በር ጠባቂው የቱ እንደሆነ ሳይለይ ግማሹ መሀል ላይ ተነሥቶ ሄደ። አዘጋጁ ለጋዜጣ «ካፖርቱን ማስቀረቴ ጥበባዊ ውሳኔ ነው» ብሎ ተናገረ፤ ይባስ ብሎ የምስክር ወረቀት ተሸለመበት።

ለመርፌ የደረሳት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ «ከታዘዘችው በላይ አሳምራ በመስፋቷ» ይላል። ቁጭ ብላ አነበበችው። ሁለት ቦታ የፊደል ስህተት ስላገኘችበት በቀይ እስክሪብቶ አርማ ለቢሮው ጸሐፊ መለሰችላት። በሦስተኛው ቀን እንደገና ተጽፎ መጣ። አሁን ስህተቱ ሦስት ሆኗል።