የእሷን ብቻ ዝም አሰኚልኝ

ልጆቹ «ያንን የእድሩን ነገር ንገሪን» እያሉ ሰንብተዋል። ኮምፒውተር የምትማረው ትንሿ የልጅ ልጄማ፣ «እህቴን ስጠይቃት ፊቷ ይለዋወጣል፤ አንቺ ብትነግሪን ይሻላል» አለችኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥሁ፣ ፊደል እንኳ ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ የለየሁ ሴት ነኝ። ስናገር ወሬው መንገድ ይስትብኛል። ስጽፈው ይሻል እንደሆነ ብዬ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

እኛ ሰፈር፣ ከሐይቁ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ፣ ድሮ ጡሩምባ ነፊ ነበረን። ሰው ሲሞት በየመንገዱ እየነፋ፣ የሟቹን ስም ጠርቶ፣ የቀብሩን ሰዓት ተናግሮ ያልፋል። መርዶ ያልተነገረው ሰው ቤት ሲደርስ ግን ጡሩምባውን ከጋቢው ሥር ሸሽጎ፣ ኮቴውን አለስልሶ ያልፍ ነበር። ማንም አላዘዘውም። የማን ወንድም፣ የማን እህት እንደሆነ ሁሉንም ያውቃል። እሱ ራሱ ሲሞት የሚነፋለት ጠፋ፤ ጡሩምባውም በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከሳህኖቹ በላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራም መጣ። አንድ የሰፈራችን ልጅ የሠራው ነው፤ እኛና ሌሎች ሁለት እድሮች በጋራ እንጠቀምበት ነበር። የሟች ስም ሲገባበት የእድርተኛው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንጫጫል። ትልቋ የልጅ ልጄ የእድራችን ጸሐፊ ነበረች። ስም የየእድሩ ሰብሳቢም ማስገባት ይችላል፤ ኮምፒውተር የምታውቀው እሷ ስለሆነች ግን የሦስቱንም እድር ቁልፍ ለእሷ ሰጡ።

«እማዬ፣ አሁን ጡሩምባ ነፊዋ እኔ ነኝ» ትለኝ ነበር።

«ጉንጭሽ ሳያብጥ!» እላታለሁ። እንሥቅ ነበር።

ጎረቤቴና የልጅነት ጓደኛዬ የደልጊ ሰው ነች። አንድ ወንድም ነበራት፤ እዚያው ሐይቁ ማዶ እርሻም ዓሣም ይሠራ ነበር። ባሏ የሞተ ጊዜ ነገሩን የሰማችው በስልክ ነው። ገበያ መሐል ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ አንዱ ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» አላት። ሰውየው የተነገራት መስሎታል። እሷ እዚያው ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጇ ስኒ አይጨብጥም። እኔ ያን ጊዜ ለራሴ ማልሁ፤ ዳግመኛ ብቻዋን ሆና፣ በስልክ፣ መርዶ አትሰማም አልሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ለእድራችን ዳኛ ከደልጊ ተደወለላቸው። ወንድሟ ዐርፏል። እንደ ወጉ፣ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሄደን፣ ከበን እንድንነግራት ተስማማን። እድርተኛው ግን አስቀድሞ መስማት አለበት። ድንኳን ተካይ፣ ወንበር ተሸካሚ፣ ከደጅ ቆሞ አብሮ የሚያለቅስ ያስፈልጋል። እሷም እድርተኛ ነች። መልእክቱ ሲላክ የእሷም ስልክ ሊንጫጫ ነው።

የልጅ ልጄ የምትሠራበት ቢሮ በእግሬ ሄድሁ። እኔ እንደሆንሁ መንገድ ላይ እቀራለሁ፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና?» ሳልል አላልፍም። ከተማ መሐል የምን ከብት ብለው ይሥቁብኛል። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ስደርስ ረፍዶ ነበር።

«የእሷን ብቻ ዝም አሰኚልኝ» አልኋት።

«ይቻላል። መልእክት የሚያቆይ ቦታ አለው።»

«እስከ ነገ ጠዋት። እጇን አስቢ፣ ልጄ። የገበያውን ቀን አስቢ።»

«አሰብሁ፣ እማዬ። ከጀርባዬ ቆመሽ አትወትውቺኝ፣ ጣቴ ይሳሳታል።»

እኔ ግን ዝም አላልሁም። ትከሻዋ ላይ ተደግፌ «ፈጠን በይ፣ ሌላ ሰው ሳይደውልላት» እያልሁ አጣደፍኋት። አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ከግራ ወደ ቀኝ ገፋች፤ ቦታው አረንጓዴ ሆነ። ቀጥላ የሟቹን ስም አስገባች።

«አለቀ» አለች።

«በዚህ ቅለት?»

«በዚህ ቅለት።»

ለራሴ ስልክ መልእክት እንዳልመጣ እንኳ ልብ አላልሁም። የእኔ ስልክ ሁልጊዜ መሶብ ላይ ተረስቶ ነው የሚውለው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከጓደኛዬ ደጅ ደረስን፤ የእድሩ ዳኛ፣ አንዲት መነኩሲትና እኔ። ሦስታችንም በአፍ የሰማን ነን። ዞር ብዬ መንገዱን ባይ ጭር ብሏል።

«እድርተኛው እንቅልፍ ጣለው እንዴ?» አሉ ዳኛው።

ገባን። ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። በማለዳ ምን አመጣችሁ አላለችም። ያንን እጇን ያዝሁ፤ ዳኛው ተናገሩ። አለቀሰች፣ ግን አልወደቀችም። ልቤ ተመስገን አለ።

ጠዋቱ አለፈ። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ። ግራ ሲገባኝ ለልጅ ልጄ አስደወልሁ። ስትመጣ ኮምፒውተሯን ይዛ ነው የመጣችው። ከፈተችው፣ አየች፣ ወደ እኔ አዞረችው።

«እማዬ፣ ማቆያው ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱ ከየሰዉ ስም ሥር ነው። ሌላው ከላይ ነው፣ የሁሉም። እኔ የላዩን ነው የነካሁት።»

«እና ሰፈሩ በሙሉ አልሰማም?»

«ሰፈሩ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሦስቱም እድር።»

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ የውሃ በር አለ። እዚያ ሲዘጉት እኛ ምንም አናይም፤ ጢስ ዓባይ ያሉት ናቸው ፏፏቴያቸው ሲቀጥን የሚያዩት። ያ ነገር ነው ትዝ ያለኝ። «ሌላ ሰው ሞቷል እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ባትመልስልኝ እየተመኘሁ።

ሞቷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሦስተኛው እድር ሰብሳቢ የአንድ ሰው ስም አስገብቷል። ፕሮግራሙ «ተመዝግቧል» ብሎ መለሰለት፤ እሱም ሰው ሁሉ ሰማ ብሎ አርፎ ተቀመጠ። ሟቹ ከሩቅ አገር መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነው። ከሚስቱ በቀር እዚህ ዘመድ የለውም። ቀብሩ ዓርብ በአራት ሰዓት ነበር። እኛ ይህን ስናነብ ሰባት ሰዓት አልፏል።

ባጃጅ ይዘን ሄድን። ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም። አራት ጎረቤቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳ መሐላቸው ነች። ገና ልጅ እግር ነች። የልጅ ልጄ እግሯ ሥር ወደቀች፤ ነገሩን እያለቀሰች ነገረቻት።

ሴትዮዋ ወደ ግቢው በር ተመለከተች።

«ደጅ ደጁን ሳይ ነበር» አለች። «ሬሳው ሊወጣ ሲል፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ሰው ይመጣል አልሁ። ቄሱ ጠበቁልኝ። ኋላ ፀሐዩ በረታ። ሣጥኑን የሚሸከም ስለጠፋ መንገደኛ ለመኑ።» ወደ እኔ ዞረች። «ባሌ የሰው ለቅሶ ቀርቶ አያውቅም፣ እናቴ። ሰው የጠላው አስመሰላችሁት።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ። «ያዘዝኋትም ያጣደፍኋትም እኔ ነኝ። አንዲት ጓደኛዬ ብቻዋን ሆና መርዶ እንዳትሰማ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ሰው ከቦ ነገራት?»

«ሦስት ሆነን ነገርናት።»

«ደግ» አለች። «እሷስ አልቀረባት።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕለቱን ድንኳኑ ተተከለ። የሦስቱም እድር ሰው እያፈረ መጣ። ሰው ሲጎርፍ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። የሚቀበረው ተቀብሯል። እኔ ከጓደኛዬ ለቅሶ ቀርቼ ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጥሁ። ጓደኛዬ ራሷ ናት የላከችኝ፤ «ወደዚያችው ሂጂ፣ እኔ ሰው አለኝ» ብላ። የልጅ ልጄ ቁልፉን መለሰች፤ ጸሐፊነቱንም ተወች። እስከ ዛሬ የቤታችንን ቴሌቪዥን ድምፅ ለመቀነስ እንኳ «ሌላ ሰው ይነካል?» ብላ ትጠይቃለች፤ ልጆቹ ይሥቁባታል፣ እኔ አልሥቅም።

ሴትዮዋ የባሏ ሙት ዓመት ሲደርስ ዕቃዋን ጭና ወደ አገሯ ሄደች። ልሰናበታት ብዬ ስደርስ ቤቱ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ብዙ ዓመት አለፈ። ባለፈው በጋ ጓደኛዬ የወንድሟን መቃብር ልትሳለም ስትሄድ አብሬያት በጀልባ ተሻገርሁ። ሐይቁ ረግቶ ነበር። የባሕር ዳር ዛፎች ከኋላችን ሲያንሱ፣ ያችን ሴት አነሣሁ፤ መቼም አፌ አያርፍም።

ጓደኛዬ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

«እቴ፣ እንግዲህ ሳልሞት ልንገርሽ» አለችኝ። «ያን ሐሙስ እኔ ሰምቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«የወንድሜን ነገር። አንቺ የልጅ ልጅሽ ቢሮ ሳትደርሺ። ከደልጊ ጀልባ የወረደች ዓሣ ሻጭ ነገረችኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እናንተ ልትነግሩኝ ስትሰናዱ አየኋችሁ እኮ። ለእኔ ብላችሁ ስትለፉ፣ ሰምቻለሁ ብዬ እንዴት ላሳፍራችሁ?»

ያቺ ዓሣ ሻጭ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ፣ ዓሣዋ ፀሐይ ላይ እየዋለ፣ ያንን የጓደኛዬን እጅ ይዛ፣ እስኪወጣላት ድረስ ሐይቁ ዳር አብራት አልቅሳ ነበር።