የቬኔታ ዘፈኖች ወዴት እንደገቡ

ቬኔታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙዚቃ ያስተማረች ሴት ናት። በቡልጋሪያ፣ በሴቭሊዬቮ ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ቴፕ መቅጃ ተሸክማ እየዞረች የአሮጊቶችን ዘፈን ስትቀዳ ነው የኖረችው። ጡረታ ስትወጣ መቶ አርባ ሦስት ዘፈን የያዙ ካሴቶች በጫማ ካርቶን ተጠቅጥቀው ቁም ሣጥኗ ውስጥ ነበሩ። ከዘፋኞቹ አብዛኞቹ ሞተዋል። ባለፈው መስከረም የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰዎች «ያምጡልን፣ እናስቀምጥልዎ» አሏትና እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቀን ሰጧት።

ሥራውን ከባሏ ከስታመን ጋር ተካፈሉት። እሷ ፎቅ ላይ ካሴቱን እያጫወተች ወደ ኮምፒውተሯ ትገለብጣለች፤ እሱ ምድር ቤት፣ በራሱ ኮምፒውተር ዘፈኑን እየሰማ ግጥሙን ይጽፋል። የሱ በዊንዶውስ የሚሠራ ነው። የሷ ግን የወንድሟ ልጅ ሊኑክስ የሚሉትን ሌላ ሥርዓት ጭኖ ያመጣላት ነው። ዘፈኖቹን የምታስቀምጥበትን ፎልደር ስታመን ታች ሆኖ በዋይፋይ እንዲከፍተው ያው ልጅ አገናኝቶላቸው ሄደ።

ሳምንት አልሞላም። ጠዋት የተከፈተው ፎልደር ከምሳ በኋላ ድራሹ ይጠፋል።

«ቬኔታ! ኮምፒውተርሽ ጠፋ!»

«ወዴት ይጠፋል? ፊቴ ተገትሮ!»

«እኔ ጋ አይታይም እኮ ነው የምልሽ!»

«መነጽርህን አድርግ!»

እኔ ራንጌል፣ በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤታቸው ነኝ። ያን ሰሞን ይህን ለመስማት መስኮት መክፈት አላስፈለገኝም።

ስታመን በውሃ ፓምፕ ጣቢያ አርባ ዓመት ኤሌክትሪክ የሠራ ሰው ነውና፣ የቆመ ነገር ሁሉ የቆመበት ምክንያት አለው ባይ ነው። መጀመሪያ ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተር አጥፍቶ አበራ። አንድ ቀን ሠርቶ ተመልሶ ጠፋ። ቀጥሎ የቬኔታ ኮምፒውተር ሃያ ደቂቃ ካልተነካ እንደሚተኛ ደረሰበትና እንዳይተኛ አደረገው። እንደገና ጠፋ። ራውተሩ በጠፋና በበራ ቁጥር ለኮምፒውተሩ ሌላ አድራሻ እንደሚሰጠው ሲያውቅ ደግሞ አድራሻውን አንድ ቦታ አስሮ ቋጨው። አሁንም ፎልደሩ ለግማሽ ሰዓት ይመጣል፣ ለአንድ ሰዓት ይሄዳል። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና መሰርሰሪያ አምጥቶ ወለሉን በስቶ ኬብል ዘረጋ። አቧራው ካሴቶቹ ላይ ነፈሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን አፍርሰህ አርፈህ ተቀመጥ!» አለችው።

ግን ሠራ። ከዚያ ወዲያ ፎልደሩ አንዴም አልጠፋም።

አሁን ደግሞ ዘፈኖቹ ይጠፉ ጀመር። ቬኔታ አርባ አንድ ዘፈን ማስቀመጧን በደብተር ይዛለች፤ ስትቆጥር ሠላሳ አራት ሆኑ። በማግስቱም አንድ ጎደለ። ስታመን ኬብሉን ነቅሎ ሰካ፣ ፓስወርድ ቀየረ፣ ሌላ ኬብል ገዛ። «ኔትወርኩ እየበላቸው ነው» አለ። እሷ «ኔትወርክ ጥርስ አለው እንዴ?» ብላ በሩን ጠረቀመችው። ቀኑ እየገፋ ነው፤ ቤቱ ውስጥ በደህና የሚነጋገር ሰው የለም።

በመጨረሻ እኔን ጠሩኝ፤ ስልክ መሥሪያ ቤት ስለነበርኩ የማውቅ መስሏቸው። ሁለቱን ይዤ በስታመን ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥን። ፎልደሩን ከፈተው። ከዘፈኖቹ መሀል ፊደልና ቁጥር የተደባለቀባቸው ሦስት የማይነበቡ ስሞች ነበሩ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኩት።

«ቆሻሻ ነው። ማሽኑ ራሱ ይወልደዋል። በየቀኑ እጠርገዋለሁ» አለና፣ ተው ሳልለው ሦስቱንም ሰረዛቸው።

ቬኔታ ተነሥታ ደረጃውን ወጣች። እኛም ተከተልናት። ጠዋት ካስቀመጠቻቸው ዘፈኖች ሦስቱ የሉም።

«ምን ብለሽ ነበር የሰየምሻቸው?» አልኳት።

ደብተሯን ገልጣ አነበበች፦ «ማነው በሌት በሬን የሚያንኳኳው? እናቴ፣ ለምን ለሩቅ ሰው ሰጠሽኝ? ውሃው ወዴት ወሰደው?» ከዚያ በፊት የጠፉትም ሁሉ መጨረሻቸው ላይ የጥያቄ ምልክት ነበረባቸው። የሷ ኮምፒውተር ምልክቱን ይቀበላል፤ የሱ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበለውምና በዚያ በማይነበብ ስም ያሳየዋል።

«ጠያቂዎቹን ሁሉ ለቅመህ ገደልካቸው!» አለችው።

ስታመን ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እኔ እኮ ቤት መጥረጌ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከሌላ ኮምፒውተር የተሰረዘ፣ ማሽኑ የተጣለ ፋይል ወደሚያቆይበት ቅርጫት እንኳ አይገባም። የወንድሟን ልጅ በስልክ እየጠየቅን ብዙ ሞከርን፤ ምንም አልተመለሰ።

የጠፉት አሥራ አንድ ነበሩ። አሥሩ ካሴታቸው አለ፤ ቬኔታ ባሏን ሳታናግር ሦስት ቀን እንደገና ገለበጠቻቸው፣ ያለ ጥያቄ ምልክት። አሥራ አንደኛው «ውሃው ወዴት ወሰደው» ነው። ነፍሷን ይማርና፣ አሮጊቷ ኔና ናት የዘፈነችው። ካሴቱ ሲገለበጥ መጨረሻው ላይ ክሩ ተበጥሶ ተተብትቦ ስለነበር ቬኔታ «አንዴ ገልብጬዋለሁ» ብላ በዚያው ጠዋት ጥላዋለች። የቆሻሻ መኪናው አልፏል።

ሐሙስ ጠዋት ለብርዱ ወራት ማገዶ እያስቆረጥኩ ሳለ ስታመን በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ራንጌል፣ በእናትህ መጋዙን አስቁምልኝ። ቬኔታ እየዘፈነች ነው።»

መቅጃውን የያዘላት እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ጀመረች፤ አንዴ በመጋዜ፣ አንዴ በሳል፣ አንዴ ስንኙ ጠፍቷት ተቋረጠ። በአራተኛው እስከ መጨረሻው ሄደች። መጋዙ ከቆመ በኋላ ድምፁ እስከኔ ግቢ ይሰማ ነበር፤ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ግን ዜማውን ያልለቀቀ። እንጨት ቆራጮቹም ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ሰሙ።

አርብ መቶ አርባ ሦስቱንም አስረከቡ። በመጨረሻው ላይ «ከአሮጊቷ ኔና ሰምታ ቬኔታ የዘፈነችው» ተብሎ ተጻፈበት። ሲመለሱ በር ላይ አግኝቼ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት።

«ምኑ ደስ ይላል?» አለች። «አንድ ስንኝ ዘልያለሁ። መዝለሌን አውቃለሁ፤ የቱ እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»